ባለ ጀልባ ጩኸት አያወጣም

በግሪኳ ሲሚ ደሴት ላይ ጀልባ ወደ ባሕር ስትወርድም ሆነ ለብርዱ ወራት ወደ ዳር ስትወጣ ጩኸት የሚያወጣው ዛኒስ ነበር። በልጅነቱ ዳሌው ተሰብሮ ስለሚያነክስ ገመድ ጎትቶ አያውቅም፤ ጉሮሮው ግን ደህና ነው። እሱ «ኤያ ሞላ!» ሲል ጎታቾቹ ገመዱን አላልተው ትንፋሽ ይሰበስባሉ፤ «ኤያ ሌሳ!» ብለው ሲቀበሉት ባንድ ላይ ይስባሉ። ቃሉ ምን ማለት እንደሆነ ሲጠየቅ፣ «እኔ ምን አውቄ? ጀልባዋ ግን ይገባታል» ይላል።

በዚህ ሥራ ከመጮኹ ይልቅ መጠበቁ ይከብዳል። የመጨረሻው ሰው ሳይተነፍስ ከተጮኸ ግማሹ ይስባል፣ ግማሹ ይቆማል፣ ጀልባዋም ትጣመማለች። ለዚህ ነው በደሴቱ ደንብ ባለ ጀልባ የራሱን ጩኸት የማያወጣው። ለጀልባው ስለሚሳሳ ይቸኩላል።

ዛኒስ ጸጉሩ ከሸበተ በኋላ የራሱን ጀልባ አሠራ። ሚስቱ ካሎቲና ከመጀመሪያው ቀን ጀምራ አልወደደችለትም።

«ጣሪያችን እያፈሰሰ ሌላ የሚያፈስ ነገር ታሠራለህ?» ትለዋለች።

ጀልባዋ የምትወርድበት ቀን ደረሰ። ቄሱ ባረኩ፣ እንድትንሸራተት ከሥሯ የተደረደሩት ግንዶች ሞራ ተቀቡ። ጩኸት የሚያወጣ ግን ጠፋ፤ ከዛኒስ ሌላ ማን ለምዶ!

«የሰው ጀልባ ሁሉ ያወረድኩ የራሴ ያቅተኛል?» አለ።

«ጋሽ ዛኒስ፣ ደንቡን ያስተማርከን አንተው ነህ እኮ» አለው ሚኬስ፣ የጎታቾቹ አንጋፋ።

አልሰማም፤ ጮኸ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንዲሉ፣ ገና በሦስተኛው ጩኸት ጀልባዋ ከግንዱ ተንሸራታ ወደ ድንጋዩ አዘነበለች። አንድ የተሳሳተ ጉተታ ብቻ ቢጨመር የዕድሜ ልክ ልፋቱ ይሰነጠቃል። ዛኒስ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ።

ጎታቾቹ በእጅ በትከሻ ደግፈው ካቃኗት በኋላ ሚኬስ ላቡን ጠረገና፣ «ይቺን ጀልባ የማይወድ ሰው አምጡልኝ» አለ። ሰው ሁሉ ወደ ካሎቲና ዞረ።

«ምን ታዩኛላችሁ?»

«እትዬ፣ ጀልባዋን እንዳንቺ የሚጠላ ማን አለ?» አላት ሚኬስ።

ዳርቻው በሳቅ ሞላ። ካሎቲና ሻሿን አጥብቃ ወደፊት መጣች። «አንተ ሰውዬ፣ ተነስ! ገመድ ያዝ» አለችው ባሏን።

ከዚያ ቆመች። ቆመች። የመጨረሻው ሰው ተነፈሰ። «ኤያ ሞላ!»

የዛኒስ የራሱ ጩኸት ነበር፣ አወራረዱ ሳይቀር። ዛኒስ ደንግጦ ቀድሞ ሳበ።

«ማን ሳብ አለህ? ዕድሜ ልክህን ጆሮዬ ላይ ስትጮህ ኖረህ አሁን ጠፋብህ?»

ሁለተኛው ላይ ተስተካከለ። ሌሎች ሲስቡ ክንዱ አብሮ ሲሄድ፣ እሱ ሲያወጣው የኖረው ጩኸት ለተቀባዩ ምን እንደሚያደርግለት ያን ቀን ገባው። አንጀቱ ቅቤ ጠጣ።

የጀልባዋ አፍንጫ ውሃውን ሊነካ ጥቂት ሲቀረው የካሎቲና ጩኸት ፈጥኖ መጣ፤ ማንም አልተነፈሰም ነበር። ግማሹ ሳበ፣ ግማሹ ቆመ።

ሚኬስ ወገቡን አቃና። «እትዬ ካሎቲና! አንቺም ባለ ጀልባ ሆንሽ እንዴ?»

በሻሿ አፏን ሸፈነች። ዓይኗ እንባ ሞልቶ ነበር፤ ዛኒስ አየው። «ዝም ብላችሁ ሳቡ!» አለች።

ለቀረችው ክንድ መንገድ ጩኸት የሚያወጣ አልተገኘም። ባልና ሚስቱ ጎን ለጎን ትከሻቸውን ሰጥተው ወደ ባሕሩ ገፏት።