ስለ ቻይናው መድፍ ያጠፋሁት መስመር

ወንድሜ ተስፋዬ በቤቱ በር አጠገብ ካለው ወንበር ላይ፣ የማይታጠፈውን ቀኝ እግሩን ዘርግቶ ተቀምጦ ነበር። አብሮት የዘመተው ጓደኛው ደምሴ መስኮቱን ተደግፎ ቆሟል። የተስፋዬ ልጅ ሂሩት በሁለቱ መካከል ቆማ ስልኳን ታሳያቸዋለች። እኔ ከላምበረት ሁለት ታክሲ ቀይሬ፣ ወደ እንጦጦ ማርያም የሚወስደውን ዳገት በእግሬ ጨርሼ ገና መግባቴ ስለነበር ጠረጴዛውን ይዤ ትንፋሼን እሰበስባለሁ። የነሐሴ ዝናብ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ጾም ስለሆነ ጠረጴዛው ላይ አሹቅ ቀርቧል።

ቪዲዮው ስለ አንድ የቻይና ታንክ ማጥፊያ መድፍ ነው። እንደ ታንክ በሰንሰለት ይሄዳል፤ አፈሙዙ ከአካሉ ይረዝማል ለማለት ትንሽ ይቀረዋል። ሂሩት እየተረጎመች ነገረችን። መድፉ የዘመኑን ታንክ ከሩቅ እንዲበሳ ታስቦ ተሠራ፤ ብረቱ ግን ስስ ነው፣ ከፍንጣሪ በቀር ብዙ አይመክትም። ስለዚህ ተኩሶ ወዲያው ቦታ መቀየር አለበት። የተጠበቀው ጠላት ሳይመጣ ዓመታት አለፉና ከአገልግሎት ወጣ።

«ታድሎ» አለ ደምሴ። «ሳይዋጋ ጡረታ ወጣ። እኔ ደግሞ ቻይና ስልክ ብቻ የምትሠራ ይመስለኝ ነበር።»

ተስፋዬ አልሳቀም። እኔም አልሳቅሁም። ይህን መድፍ ከሂሩት በፊት አውቀዋለሁ።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል እንደጨረስኩ የታይፕ ትምህርት ተምሬ በአንድ የጦር ማሠልጠኛ ክፍል በጸሐፊነት ተቀጠርኩ። ቢሮው የካ ተራራ ግርጌ ነበር። በክረምት የባሕር ዛፉ ሽታ በመስኮት ገብቶ ከማባዣው ቀለም ሽታ ጋር ይደባለቃል። የማስተማሪያ ጽሑፍ የሚያዘጋጀው ሻምበል ገብሬ የሚባል ቀጭን፣ ኪሱ ቆሎ የማያጣ ሰው ነበር። በእርሳስ ይጽፋል፤ እኔ በሰም ወረቀት ላይ፣ ማለት በስቴንስል ላይ እመታለሁ፤ ከዚያ ይባዛል።

አንድ ቀን ከውጭ መጽሔት የተረጎመውን አመጣልኝ። ያኔ አዲስ የነበረው ይኸው የቻይና መድፍ ነው። በእኛ ጦር ውስጥ የሌለ መሣሪያ ለምን እንደሚያስተምር ጠየቅሁት።

«አንቺ ምቺው» አለኝ። «የሚገባው ይገባዋል።»

ስመታው ገባኝ። የእኛ ተሽከርካሪ መድፎችም ብረታቸው ስስ ነበር፤ ግን ወዳጅ አገር የሰጠንን መሣሪያ በጽሑፍ መንቀፍ ወዳጁን መንቀፍ ነው። በዚያ ዘመን ሰው የራሱን ጉድ የሚናገረው በሩቅ ሰው ስም ነበር። ሻምበልም ስለ ቻይናው እያለ ስለ እኛው ጻፈ። «ይህ ታንክ አይደለም። ሁለት ጥይት ተኩሰህ ከቦታህ ካልተነሣህ፣ ሦስተኛውን የሚተኩሰው ጠላትህ ነው» ይላል።

ጽሑፉ ከመባዛቱ በፊት አለቃችን ሻለቃው ያየዋል። ለእሱም ገባው። ወታደሩ ሳይዘምት መሣሪያውን እንዲጠላ አልፈቅድም ብሎ እነዚያ መስመሮች እንዲሰረዙ አዘዘ። ሻምበል ትእዛዙን ነግሮኝ ወጣ።

በስቴንስል ላይ ስሕተት የሚታረመው ቀይ ፈሳሽ በመቀባት ነው። ፊደሉ የበሳውን ይደፍነዋል። ለአንድ ፊደል ነበር የምንጠቀምበት፤ እኔ ያን ቀን ሦስት መስመር ቀባሁ። እንዲደርቅም እፍ አልኩበት። እንደገና ለመምታት ጊዜ ስላልነበረ ወረቀቱ መሐሉ ባዶ ሆኖ ተባዛ።

ተስፋዬ ከሠልጣኞቹ አንዱ ነበር። እሑድ ምሳ ሊበላ ቤት ሲመጣ ወረቀቱን ይዞት መጣ። ሽሮውን አቀረብኩለት። ባዶውን ቦታ በጣቱ እያሳየ፣ «እትዬ፣ እዚህ ጋ ምን ሆኖ ነው? ቀለም አልቆባችሁ ነው?» አለኝ።

እናታችን ጓዳ ነበረች። ሰሚ አልነበረም። ልነግረው እችል ነበር። የቢሮ ነገር ከቢሮ ካወጣሁ የሚመጣብኝን አሰብኩ።

«ማባዣው ነው» አልኩት። ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተና ሽሮውን በላ።

ከወር በኋላ ዘመተ። ከተመለሰ በኋላ እንደነገረን፣ ከአንድ ጉብታ ጀርባ ሳይነሡ አራት ጊዜ ተኩሰው ለአምስተኛው ሲያነጣጥሩ ተመቱ። በተሽከርካሪ መድፉ ላይ ከነበሩት አራት ሰዎች በቀለና ካሣ ሞቱ፤ የተረፉት እሱና ደምሴ ናቸው።

ሂሩት ተርጉማ ስትጨርስ ተስፋዬ ስልኩን ሳይሆን ግድግዳውን እያየ፣ «ያኔ ይህን የነገረን ሰው ቢኖር በቀለና ካሣ ዛሬ እዚህ ነበሩ» አለ።

ለብዙ ዓመት ትእዛዝ ነው እያልኩ ኖሬአለሁ። መስመሩን ማጥፋቱ ትእዛዝ ነበር። ያን እሑድ ግን ያዘዘኝ አልነበረም። እርጅና ይህን አያቀልም፤ ሰውየውን ያደክመዋል እንጂ።

«ተስፋዬ» አልኩት። «ጽሑፉ ላይ ነበር። ቀብቼ ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ስትጠይቀኝም ማባዣው ነው ብዬ ዋሸሁህ።»

ሂሩት ስልኳን አጠፋች። ደምሴ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። ተስፋዬ አየኝ። ዝናቡ እስኪያባራ ድረስ ሳይሆን አይቀርም የቆምኩት።

ከዚያ ነጠላዬን አጣፋሁ። ለመውጣት በእሱ በኩል ማለፍ ነበረብኝ። የማይታጠፈውን እግሩን በሁለት እጁ አንሥቶ ወደ ጎን አደረገልኝ። ወጣሁ።