ለሁለቱም እሺ ያልኩበት ሐይቅ

ባለፈው ሳምንት ከፖስታ ሣጥኔ አንድ ቅጽ አወጣሁ። በሐይቁ ዙሪያ ቤት ካለን ሰዎች ጥቂቶቹ፣ ዳርቻውን ለሕዝብ የሚከፍት ሕግ እንዲወጣ እንደገና ፊርማ እያሰባሰቡ ነው። ቅጹን ይዤ ወጥ ቤት ቆሜ ቀረሁ፤ ሽሮዬ አረረብኝ።

በዘጠናዎቹ መጀመሪያ የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ሆኜ፣ ከኦክላንድ ከተማ ጀርባ ባለው ኮረብታ፣ በዚህችው ትንሽ ሐይቅ ዳር፣ አጎቴ ጋሽ መኮንን ቤት እኖር ነበር። ጋሼ በንጉሡ ዘመን ለትምህርት መጥተው በዚያው የቀሩ መሐንዲስ ናቸው። ሐይቁ በሽቦ ታጥሯል፤ የበሩ ቁልፍ ያለው በባለቤቶቹ እጅ ብቻ ነው። ቀን ቀን የጎረቤታችንን የሚስስ ዶሮቲን ሾርባ አሞቃለሁ፣ ደግፌ አንሸራሽራቸዋለሁ። የመኖሪያ ወረቀቴን በአሠሪነት ያስጀመሩልኝ ሚስስ ዶሮቲ ናቸው፤ የቀረው አንድ ፊርማቸው ብቻ ነበር።

በበጋ ኮረብታው ደርቆ ቢጫ ይሆናል፣ ባህር ዛፉ ይሸታል፣ አጥሩ ላይ የተጠማዘዘው እንጆሪ ይጠቁራል። እሑድ እሑድ ከታች ከከተማው ቤተሰቦች ምሳቸውን ይዘው ይመጣሉ። ሚስስ ዶሮቲ "ንገሪያቸው" ይሉኛል፤ ወርጄ "የግል ነው" እላለሁ። አንድ ቀን የመዋኛ ቀለበት ወገቧ ላይ ያጠለቀች ሕፃን ሽቦውን ይዛ "መቼ እንመለስ?" ብላ ጠየቀችኝ። ዞሬ ሽቅብ ወጣሁ።

ያኔም ዳርቻውን ለሕዝብ የሚከፍት ሕግ ቀርቦ ነበር፤ ባለቤቶቹ ሲቃወሙ ጋሼና ሁለት ጎረቤቶች ግን ይደግፉት ነበር። የገዛ በሬን ክፈቱልኝ የሚል ባለቤት ለሰው ሁሉ ግራ ነው። ጋሼ ምክንያታቸውን የነገሩኝ አንድ ጠዋት ቆሎ እየቆረጠሙ ነው።

"ተማሪ ሆኜ እዚችው አጥር ጋ መጥቼ መልሰውኛል። ቤቱን ገዛሁ እንጂ አልረሳሁትም። ኮሚቴው ሰው የሚሰማበት ሂሪንግ ማክሰኞ ነው፤ አንቺንም እንድትናገሪ ሳይን አፕ አድርጌሻለሁ። ያየሽውን ብቻ ትናገሪያለሽ።"

"እሺ ጋሼ" አልኩ። ለትልቅ ሰው ሌላ ምን ይባላል?

በማግስቱ ሚስስ ዶሮቲ የተቃውሞ ወረቀት ከነብዕሩ ዘረጉልኝ። "አንቺም የዚሁ ነዋሪ ነሽ፣ ፈርሚ" አሉኝ። ፊርማ የምለምን ሰው ፊርማ ልከልክል? እሺ ብዬ ፈረምኩ። ማንንም እንዳላስቀይም ብዬ ራሴን በገዛ እጄ አሰርኩ። ለጋሼ ልናዘዝ አፌን እከፍትና "ሻይ ይጨመርልዎ?" ብዬ እዘጋዋለሁ።

ማክሰኞ ጠመዝማዛውን መንገድ ወርደን ኦክላንድ ገባን። የሕግ አውጪዎቹ ኮሚቴ የተቀመጠበት አዳራሽ አንድ መስኮት እንኳ አልነበረውም። ስሜ ሲጠራ ተነሣሁ። የተቃዋሚዎቹ ጠበቃ ወረቀቱን አንሥቶ "ይቺ ሴት ከእኛም ጋር ፈርማለች" አለ። ሰብሳቢዋ መነጽሯን ዝቅ አድርጋ "የአንቺ ሐሳብ የቱ ነው?" አለችኝ። ፊት ለፊቴ ሚስስ ዶሮቲ ምርኩዛቸውን ጨብጠው ያዩኛል፤ ከጎኔ ጋሼ ናቸው። አንዴ እሳቸውን፣ አንዴ ጋሼን አየሁ።

ጋሼ እጅጌዬን ሳብ አደረጉ። "ተቀመጪ፣ የኔ ልጅ" አሉኝ ቀስ ብለው። ከዚያ ወደ ሰብሳቢዋ ዞረው በእንግሊዝኛ፣ "ሳልጠይቃት ስሟን ያስገባሁት እኔ ነኝ፤ ይሰረዝልኝ" አሉ።

ጠበቃው "የገዛ ቤታቸውን ሰው እንኳ አላሳመኑም" ሲል አዳራሹ ሳቀ። ከዚያ በኋላ ጋሼ ቢናገሩም ማን ይስማቸው። ሕጉ እዚያው ኮሚቴው ዘንድ ወድቆ ቀረ። የእኔ የመኖሪያ ወረቀት ግን ተፈረመ። ስንመለስ ጋሼ መኪና ውስጥ "ራት ምን እንብላ?" ከማለት በቀር ምንም አላሉኝም፤ እስኪሞቱም አላነሱብኝ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ቤቱን ያወረሱት ለእኔ ነው፣ ከነሐይቁ በር ቁልፍ። አጥሩ ዛሬም ቆሟል።

ትናንት ቅጹን ሞላሁ። ስሜን ጻፍኩ፣ ፈረምኩ፣ በስብሰባው ላይ ቆሜ እናገራለሁ የሚለውም ላይ ምልክት አደረግሁ። መጨረሻው ላይ "ሐሳቡን መደገፍ የጀመሩት መቼ ነው?" የሚል ጥያቄ አለ። ባዶውን ተውኩት።