ትሸጥ ወይስ ትሠራ

መካኒኩ እጁን በጨርቅ እየጠረገ «ቲቸር፣ እሷ መኪና አልቋል» አለኝ። አፉን በወላይትኛ የፈታ ሰው ስለሆነ አማርኛው ላይ ወንድና ሴት ይቀላቀሉበታል። ነገሩ ግን ግልጽ ነበር። የሞተሩ ክዳን፣ ቴስታታው፣ ተሰንጥቆ ውሃው ከዘይቱ ጋር ተቀላቅሏል። ሞተሩ መውረድ አለበት። ሞተሩ ከወረደ ደግሞ የማርሹን ሳጥን፣ ካምቢዮውን፣ ሳያዩ መመለስ ሞኝነት ነው። ዕቃው ሶዶ ስለማይገኝ ከአዲስ አበባ፣ ከሶማሌ ተራ መምጣት አለበት።

«የማሠሪያው ዋጋ ከመኪናው ይበልጣል» አለ። «ለብረት ሽጥና ለአባትህ ኮንትራት ያዝለት። ሥራ ጠልቼ እንዳይመስልህ።»

እኔም እንደሱ ነበር የማስበው። መንግሥት ከተለወጠ ጥቂት ዓመታት ያለፉበት ጊዜ ነው። መኪናዋን ከታላቅ ወንድሜ ጋር አዋጥተን የገዛናት ሥራውን ጨርሶ ከሚሄድ አንድ የእርሻ ባለሙያ ላይ ነበር። ጣሊያን ሠራሽ፣ ትንሽ፣ አንደኛው በሯ ከውስጥ ብቻ የሚከፈት ነች። ርካሽ ስለነበረች ደስ ብሎን ነበር፤ ርካሽ የሆነችበትን ምክንያት ግን ከሁለታችን የጠየቀ የለም። የገዛናት ለአባታችን ነው። ተበላ የምትባል ከተማ ነው የሚኖረው፤ እግሩ ላይ የማይድን ቁስል ስላለበት በየሳምንቱ ሶዶ ሐኪም ቤት መጥቶ መታጠብና መታሸግ ነበረበት። ጉልበቱ አይታጠፍም። ሚኒባስ ውስጥ ሰው በሰው ላይ ሲጫን ያ እግር የት እንደሚገባ ማሰብ ብቻ ያስጨንቀኝ ነበር።

ለማሠሪያ የሚሆን ገንዘብ በእጃችን አልነበረም። የእኔ ደመወዝ ከወር ወር አይደርስም። ዲምቱ ከተማ የሚነግደው ወንድሜ የገዛው በቆሎ ነቅዞበት የዚያን ዓመት ከስሮ ነበር። ቤታችን ውስጥ ሊሸጥ የሚችል አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የእናቴ ላም። የምትታለብ፣ ቅቤዋን እናቴ ለመስቀል የምታጠራቅምባት፣ ቀሪውን ወተት ለአባቴ የምትሰጥባት ላም። ስለዚህ መኪናዋ ትሠራ ማለት ላሟ ትሸጥ ማለት ነበር። ይህን ሁላችንም እናውቃለን፤ የመካኒኩን ቃል ግን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ።

በዚያን ጊዜ ዲምቱ ላለ ሰው ስልክ አንስቶ ማማከር የለም። ወደዚያ በሚሄድ ሾፌር «መኪናዋ ታማለች፣ እሁድ ተበላ ና» ብዬ ላክሁበት። አገራችን ላይ ደግሞ የበኩር ልጅ ባይራ ይባላል። ባይራ እያለ ታናሽ ቀድሞ አይናገርም፤ ባይራ ከተናገረ በኋላ መቃወም ደግሞ በሰው ፊት ልብሱን እንደ መግፈፍ ይቆጠራል። ስለዚህ ሐሳቤ ወንድሜን ከአባቴ በፊት ለብቻው ይዤ ልነግረው ነበር። ከሶዶ ተበላ እስክደርስ ንግግሬን ስደረድር ሄድሁ። አስተማሪ አይደለሁ፣ ነገሩን ከፋፍዬ፣ በምሳሌ አስደግፌ ጨርሼዋለሁ።

ወንድሜ ዘገየ። የመጣው አባቴ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ማንጎው ሥር ተቀምጦ፣ ሁለት ሽማግሌ ጎረቤቶችም ከጎኑ ቦታ ከያዙ በኋላ ነው። ሰላምታው ሳያልቅ እናቴ ትኩስ የተቀቀለ ቦይና ከሚያቃጥል ዳጣ ጋር አቀረበች። ወንድሜን በዓይኔ ብጠቅሰው አላየኝም።

አባቴ ቀድሞ ተናገረ። «ለእኔ ብላችሁ አትቸገሩ። በሚኒባስ እሄዳለሁ።»

ሁሉም ሰው ወደ ወንድሜ ዞረ። እንዲህ ያለውን ቃል አባት ሲናገር ልጅ እሺ አይልም። ወንድሜ ቦይናውን አስቀመጠና «እኔ ቆሜ አባቴ በሰው መሃል ታጭቆ አይሄድም። መኪናዋ ትሠራ» አለ። ሽማግሌዎቹ «ተባረክ» አሉት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

ደርድሬ ያመጣሁት ሁሉ በከንቱ ቀረ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል፤ የወንድሜ ቃል ወጥቶ፣ በሽማግሌ ተመርቆ አልቋል። አባቴ ጨርቅ የተጠመጠመበትን እግሩን ዘርግቶ ያየኛል። በዚያ እግር ፊት «ወጪው አያዋጣም» እንዴት ይባላል? እግሩን ራሱን አያዋጣም ያልሁ መሰለኝ። «እንዳልከው ይሁን» አልሁ። እናቴን ማንም አልጠየቃትም። በሚቀጥለው የገበያ ቀን ላሟን ፈትታ ራሷ እየሳበች ወሰደቻት።

ዕቃው እስኪመጣ ወር አለፈ። የላሟ ገንዘብ ለሞተሩ እንጂ ለካምቢዮው አልበቃም። መካኒኩ ገንዘቡን ሲቀበለኝ «እንግዲህ ኃላፊነቱ ያንተ ነው» ብቻ አለኝ። በሽተኛው ተስፋ እንደሌለው ያወቀ ሐኪም ፊት ነበረው። መኪናዋ ግን ተነሣች። በመጀመሪያው ጉዞ እንዲያውም መካኒኩን በልቤ ተሳደብሁ፤ ሟርተኛ አልሁት። ሁለተኛውም ደኅና ነበር። ሦስተኛው ላይ፣ ከተበላ ወደ ሶዶ የሚወጣው ዳገት መሃል፣ ከሥር አንድ ነገር ሲሰበር ሰማሁ፤ ማርሹ እጄ ውስጥ ባዶውን ዞረ። ካምቢዮው ነበር። ድንጋይ ፈልጌ ከጎማው ሥር አደረግሁና መንገድ ዳር ተቀመጥሁ። ምን አደርጋለሁ? አባቴ ከውስጥ «በሩን ክፈትልኝ፣ ሞቀኝ» አለ። ከውስጥ ብቻ የሚከፈተው በር በእሱ በኩል ስለነበረ ከውጭ ያንን እንኳ ላደርግለት አልቻልሁም፤ እጀታው ለእሱ ስለጠነከረበት በእኔ በኩል ዞሬ ገብቼ ከፈትሁለት።

የመጣው ሚኒባስ ሙሉ ነበር። ሾፌሩ የአባቴን እግር ሲያይ ጋቢና የነበረውን ጎረምሳ አስወርዶ እሱን አስቀመጠው። እግሩን ዘርግቶ፣ መስኮቱን ከፍቶ፣ ከሾፌሩ ጋር በወላይትኛ የዝናቡን ነገር እያወራ ሶዶ ገባ። እኔ ከኋላ ታጭቄ ማጅራቱን እያየሁ ልቤ በንዴት ይነድ ነበር። በማን እንደተናደድሁ ብጠየቅ አላውቅም።

መኪናዋን ወደ ተበላ አስጎተትናት፤ ለብረት የሸጥናት ቆርቆሮ የሚሰበስብ ሰው ተበላ ድረስ መጥቶ ነው። ወንድሜም የዚያን ቀን መጣ። ሰውየው እሷን ጎትቶ ሲሄድ እያየን ቆምን። እናቴ አጠገባችን የአባቴን ቁስል ጨርቅ አጥባ ታሰጣለች።

«መካኒኩ እንደማትሆን ነግሮህ ነበር አሉ» አለኝ ወንድሜ።

«ነግሮኛል።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልህ?»

«አንተ ተናግረህ! ባይራ ከተናገረ በኋላ እኔ ምን እላለሁ?»

ወንድሜ እንዲያ ሲያየኝ አይቼው አላውቅም። «በአባቴ ፊት፣ በሽማግሌ ፊት ‘አትሠራ’ እንድል ነበር የፈለግኸው? እኔ ባይራ ነኝ፣ ሌላ ምን ልበል? እኔ ትሠራ ስል አንተ ተነሥተህ ‘ታላቄ ይፍቀድልኝ’ ብለህ ትከለክለኛለህ ብዬ ስጠብቅ ነበር። የተማርከው አንተ ነህ። መካኒኩን ያነጋገርከው አንተ ነህ። ‘እንዳልከው ይሁን’ ስትል እኮ ደነገጥሁ።»

ዝም አይነቅዝም ይላሉ። ተቆጥቼ ነበር፣ ግን ወንድሜ እውነቱን ነው። እኔም እውነቴን ነበር። እንደገና ያ እሁድ ቢመጣ ሁለታችንም ያንኑ እንላለን።

እናቴ የመጨረሻውን ጨርቅ ጨምቃ ሰጣች። ቀና ብላም አላየችንም።

«እኔ ላሜን የፈታሁት» አለች፣ «ሁለታችሁም ያመናችሁበት መስሎኝ ነው።»