ትሪው ላይ የተመለሰው ጉርሻ

የእንጀራ እናቴን እትዬ ሙሉን ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ ያለ የቬትናም ምግብ ቤት ወስጄአቸዋለሁ። በውሃ የራሰ ስስ የሩዝ ቂጣ፣ የተቀቀለ ዶሮና እርጥብ በሶብላ ቀረበልን፤ እየጠቀለሉ በእጅ መብላት ነው።

"እንጀራቸው ይሄ ነው?" አሉ እትዬ ሙሉ፣ በሶብላውን እየቀነጠሱ። ሽታው ሲመጣብኝ ልጅነቴ ትዝ አለኝ።

ስምንት ዓመቴ ነበር። "እናትሽ ጠበል ሄዳለች" ተብዬ በየቀኑ በር በሩን አያለሁ። አንድ እሑድ አባቴ እትዬ ሙሉን ሳሊተ ምሕረት ወዳለው ቤታችን ይዞ መጣ። ወጡን ራሳቸው ሠሩ። ለምሳ ስንቀርብ ጉርሻ ጠቅልለው ወደ አፌ ዘረጉ፤ ጣታቸው በሶብላ በሶብላ ይላል። ጥርሴን ነከስኩ።

"ጉረሺ እንጂ!" አለ አባቴ።

"እማዬ ስትመጣ ታጎርሰኛለች።"

ወጡ በእትዬ ሙሉ የእጅ አንጓ ላይ ይወርዳል፤ እጃቸው ግን አልታጠፈም። አብራን የቀረበችው አክስቴ ወደ አባቴ ጠጋ ብላ፣ "አንተ፣ ልጅቷን እስካሁን አላረዳችኋትም?" አለችው። ቃሉን አላውቀውም ነበር። የአባቴን ፊት ግን አየሁት።

እትዬ ሙሉ ጉርሻውን ቀስ ብለው ትሪው ላይ መለሱት። ከዚያ ወዲህ አጉርሰውኝ አያውቁም፤ ጥሩ ጥሩውን እየመረጡ ወደ እኔ በኩል ይገፉልኛል እንጂ።

አሁንም ጠቅልለው ሲጨርሱ እጃቸው ወደ እኔ ተነሣና መሃል ላይ ቆመ። ከዚያ ወደ ሳህኔ መውረድ ጀመረ።

ሳህኑን ከፊቴ አነሣሁና አፌን ከፈትኩ።