ጉድጓዱን ከፍቶ ማየት

የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው። ኮምፒውተር ልጄ በሌለችበት አልነካም። የማይተካ ነገር እንዴት እንደሚቀመጥ ግን ከእናቴ ተምሬአለሁና በዚያ ማንንም አልፈራም።

ልጄ ወልቂጤ ታስተምራለች። ለሁለተኛ ዲግሪዋ ከአረቅጥ ጀምራ መንደር ለመንደር እየዞረች የአሮጊቶችን ድምፅ ስትቀዳ ሁለት ዓመት ቆየች። የትኛው እንሰት ለቆጮ እንደሚሆን፣ የትኛው አጥንቱ ለተሰበረ ሰው እንደሚሰጥ ትጠይቃቸዋለች። ካናገረቻቸው ሁለቱ አርፈዋል። ያ ሁሉ ያለው ላፕቶፗ ላይ ብቻ ነበር።

ለዕረፍት ቡታጅራ እኔ ጋ ስትመጣ ላፕቶፑ ለመነሣት ግማሽ ሰዓት ይፈጅበት ጀመር። ጠጋኝ ዘንድ ልትወስደው ስትነሣ ነጠላዬን አነሣሁ።

"እማዬ፣ አንቺ ደግሞ እዚያ ምን ታደርጊያለሽ?"

"እቀመጣለሁ።"

ሱቁ ስንደርስ ጠጋኙ ላፕቶፑን ጥቂት ነካካና፣ "ቫይረስ ጨርሶታል። ፎርማት ነው የሚሻለው" አለ።

"ምን ማለት ነው?" አልኩት።

"ውስጡ ያለው ሁሉ ይጠፋል፣ ማዘር። ከዚያ ፕሮግራሞቹን እንደ አዲስ እጭናለሁ። መጻፊያውም ድምፅ ማጫወቻውም እኔ ጋ ስላሉ አያስቡ። የእሷን ሥራ ግን እኔ ከየትም አላመጣውም።"

ብፈራም ነገሩ ገባኝ። የእንሰት መፋቂያ ቢሰበር ገበያ ተወጥቶ ሌላ ይገዛል። ጉድጓድ ውስጥ የተቀበረው ቆጮ ቢበላሽ ግን የጠፋው የስንት ዓመት ተክል ነው።

"ሥራዬን ገልብጬዋለሁ" አለች ልጄ፣ ፍላሿን እያሳየችኝ። "ሁሉም እዚህ ውስጥ ነው።"

"አይተሽዋል?"

"ራሴ ነኝ እኮ ያስገባሁት።"

"ማስገባትሽን መች ጠየቅኩሽ?"

በእኛ ቤት ቆጮ በአንድ ጉድጓድ ብቻ አይቀመጥም። ከላይ ኮባውና ድንጋዩ ደህና ስለመሰለም እንግዳ አይጠራም፤ አስቀድሞ ተከፍቶ፣ ከሥር ተቆንጥሮ ይሸተታል። እናቴ አንድ ጊዜ ሳታይ ደግሳ ውሃ ገብቶበት አገኘችው። ያን ቀን ጎረቤት ደረሰላት፤ ከዚያ ወዲህ ግን ሳትከፍት ሰው ጠርታ አታውቅም።

"በአንተ ኮምፒውተር ክፈተው" አልኩት ጠጋኙን።

ሳቀ። "ማዘር፣ ኦዲተር ነበሩ እንዴ?"

"እንሰት ፋቂ ነኝ። ክፈተው።"

ፍላሹን ሰካው። ስሞቹ ተደርድረው መጡ። አንዱን ነካ፤ አልከፈተም። ሌላውን ነካ፤ እሱም እንቢ አለ። ሳቁ ቆመ።

"ላፕቶፑ ሲነሣ ከሚታየው የፊት ገጽ ላይ ነው የገለበጥሽው?" አላት።

"አዎ።"

"ይሄ እኮ ወደ ፋይሉ የሚወስደው ምልክት ብቻ ነው። ፋይሉ ራሱ ሌላ ቦታ ነው ያለው፤ ላፕቶፕሽ ውስጥ።"

ኮባው አለ፤ ቆጮው የለም። ልጄ አፏን በእጇ ያዘች። እኔ ግን፣ የሚገርመው፣ ፍርሃቴ ለቀቀኝ፤ የሚፈራው ነገር አሁን ታውቋል፣ ላፕቶፑም ገና አልተነካም።

"እንግዲህ ያለበትን ፈልጉት" አልኩ።

ላፕቶፑ እያቃሰተ እስኪነሣ ጠበቅን። እውነተኛው ፎልደር ተገኘ። ጠጋኙ አንድ ፍላሽ ሊበቃ ይችላል ቢልም ሁለት ላይ አስገለበጥኩት፤ ሁለቱንም በራሱ ኮምፒውተር አስከፈትኩት። ጽሑፉ ተከፈተ። ከዚያ የአንዲት አሮጊት ድምፅ በጉራጌኛ ሱቁን ሞላው፤ ስለ ተሰበረ አጥንት ትናገራለች፤ በመሃል የልጄን ጥያቄ እየቀማች ትስቃለች።

"ይቺ ካረፉት አንዷ ናት" አለች ልጄ።

ጠጋኙ ሊዘጋው እጁን ሲሰድ ከለከልኩት። እስከ መጨረሻው ሰማን። አንዱን ፍላሽ ለልጄ ሰጠኋት፤ ሌላውን መቀነቴ ውስጥ ቋጠርኩት።

"አሁን አጥፋው" አልኩት።