ያልተቀጣጠለው አልኮል

ዛሬ ሐሙስ፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል፣ ወልቂጤ። ትናንት የገዛሁት የወለል ማጽጃ ጠርሙሱ ውስጥ ለሁለት ተከፍሎ አደረ፤ ዘይቱ ከላይ፣ የደፈረሰው ውሃ ከታች።

ባለቤቴ በጥብጠህ ተጠቀምበት አለችኝ። አልበጠበጥኩትም። ይህን መልክ አውቀዋለሁ፤ ባየሁት ቁጥር ደሜ ይፈላል።

ሃያ ዓመት ሳይሞላኝ አንዱን ክረምት ቡታጅራ፣ አክስቴ ዘይነባ ቤት አሳለፍኩ። የባሕር ዛፍ ዘይት፣ ሳሙናና ውሃ ደባልቃ የወለል ማጽጃ እየሠራች እንሴኖ ገበያ ትሸጥ ነበር። ሦስቱ ብቻቸውን ሲደባለቁ እንደ ወተት ይነጣሉ፤ ቆይተውም ይለያያሉ። የሚያስማማቸው አልኮል ነው። ልኩ ሲገባ ነጩ ነገር ድንገት ይጠራል፤ ከጠርሙሱ ጀርባ የያዝኩት ጣቴ ይታየኛል። ቤቱ፣ ልብሳችን፣ የምንበላው ቆጮ ሳይቀር ባሕር ዛፍ ባሕር ዛፍ ይል ነበር።

አክስቴ አልኮል ቤቷ አታሳድርም። በምትሠራበት ቀን ብቻ ከጋሽ ሙላት ሱቅ በጄሪካን ታስመጣለች። ስትጨምረው አፍንጫዋን በሻርፗ ሸፍና ፊቷን ታዞራለች። አንድም ቀን አሽትታው አታውቅም። ጋሽ ሙላት ይህን ያውቅ ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ፀሐይ ላይ የሠራነው እንደ ምንም ጠራልን። ሌሊቱን ዘነበ፤ ቀዘቀዘም። በማግስቱ እንሴኖ ስንደርስ ጠርሙሶቹ ሁሉ ለሁለት ተከፍለዋል። አንዲት የቆየች ደንበኛ አንዱን ከፍ አድርጋ ለገበያተኛው አሳየች።

«ዘይነባ፣ አንቺም ውሃ መሸጥ ጀመርሽ?»

እዚያ ገበያ ዕቃዋን ሳያገላብጡ የሚገዟት በስሟ ነበር።

የተረፈውን ጄሪካን ከፍቼ አሸተትኩት። ሽታው ስስ ነው፤ በውሃ ተበርዟል። ሽማግሌዎች ይዘን ጋሽ ሙላት ሱቅ ሄድን። በክዳን ቀድቼ ክብሪት ጫርኩበት። ክብሪቱ ነደደ፤ አልኮሉ ግን አልተቀጣጠለም። ደገምኩት፤ እምቢ አለ።

ጋሽ ሙላት ፈገግ አለ። «ክረምት አይደል የኔ ልጅ፤ ክብሪትህ ረጥቦ ነው።»

ያንኑ ክብሪት ከእጄ ወስዶ በአንድ ጭረት ሲጋራውን ለኮሰ። ክብሪቱ ደረቅ እንደነበር ሁሉም አየ፤ ሰዉ ግን በእኔ ሳቀ። ሽማግሌዎቹ አክስቴን ልጅሽን ያዢ አሏት።

«ወላሂ፣ እኔ አላሸተው ነገር…» አለች አክስቴ።

በጋዜጠኝነት ሥራዬ ብዙ ውሸት ሰምቼ ድምፄን ሳላነሳ ጽፌአለሁ። ይህኛው ግን እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ሰውየው የገባባት ለሃይማኖቷ ስትል ፊቷን ባዞረችበት በኩል ነው።

ከዚያ ወዲህ አክስቴ ማጽጃ ሠርታ አታውቅም።

አራት ሰዓት ላይ ደወልኩላት። በጋሽ ሙላት ሱቅ በኩል አሁን አልፋ መግባቷ ነው። ሱቁ ዛሬም ክፍት ነው፤ ጄሪካኖቹም በሩ ላይ ተደርድረዋል አለችኝ።