በር ላይ የተለጠፈው ወረቀት

ሌባ ነኝ በሚል ወረቀት ላይ እኔኑ አስፈረሙኝ። ያስፈረመኝ ፎርማን ማንበብ እንደማልችል ያውቅ ነበር። የፈቃድ ወረቀትህ ነው ብሎ ነው ያስፈረመኝ።

ነገሩን ወድጄ አላነሳሁትም። ባለፈው ሳምንት ቦሌ አንድ ባንክ ውስጥ ወረፋ ይዤ ተቀምጫለሁ። ከፊቴ የነበሩ አንድ ሽማግሌ መፈረም አልቻሉም፤ ገንዘብ ከፋይዋ ልጅ ከመሳቢያዋ ያቺን ክብ የአሻራ ቀለም ቆርቆሮ አውጥታ ክዳኗን ከፈተች። ሸተተኝ። ስፒሪትም ጋዝም የሚመስል፣ አፍንጫ ላይ ተጣብቆ የሚቀር ሽታ። ሳላስበው አውራ ጣቴን ሱሪዬ ላይ ጠረግኩ። ከዚያም ተነስቼ "አባቴ፣ መጀመሪያ ይነበብልዎት!" ብዬ ጮህኩ። ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ።

"ጋሼ፣ የራሳቸው ብር ማውጫ እኮ ነው" አለችኝ ልጅቷ።

ቁጭ አልኩ። ግን እስከ አሁን አልበረደልኝም።

ያኔ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው። ከሆሳዕና መጥቼ ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም ሲሠራ የቀን ሠራተኛ ነበርኩ። የማድረው አያት ሰፈር፣ አክስቴ ቤት ነው። ቀኑን ሙሉ ባሬላ እንሸከማለን። እርጥብ ሲሚንቶ ጣት ይበላል፤ ፀሐይዋ አዲስ ቆርቆሮ ላይ አርፋ ዓይን ታሳውራለች፤ የማቡኪያው ማሽን ጩኸት ቤት ከገባሁም በኋላ ጆሮዬ ውስጥ ይዞራል። ግን ደስተኛ ነበርኩ። ጉልበት ነበረኝ። ስሜን በክፉ የሚያነሳ ሰው አልነበረም።

እናቴ ታማብኝ አገር ቤት ልሄድ ፈቃድ ጠየቅኩ። ፎርማኑ ወደ ቆርቆሮ ቢሮው ጠራኝ።

"ና እስቲ ሆሳዕና፣ ፈቃድህን ፈርም።" በስሜ ጠርቶኝ አያውቅም።

"ምን ይላል?" አልኩት።

"ሂድ ይላል፤ ሌላ ምን ይላል? ወይስ በእንግሊዝኛም ልተርጉምልህ?" ብሎ ሳቀ።

እኔም ሳቅኩ። አየህ፣ የሚያቃጥለኝ ይሄ ነው። አብሬው ሳቅኩ። አውራ ጣቴን ራሱ ይዞ ቀለሙ ውስጥ ነከራት፤ ራሱ ወረቀቱ ላይ ተጫናት።

እናቴን ጠይቄ በሳምንቱ ስመለስ የሳይቱ በር ላይ ወረቀት ተለጥፎ ሠራተኛው ከቦታል። ቀረብ ብዬ አየሁት። ፊደሉ ለኔ ጉንዳን ነው። ከግርጌው ግን ሐምራዊ አሻራ አለ፤ አውራ ጣቴ ላይ ያለችው የቢላ ጠባሳ መሃሉን ሰንጥቃዋለች። ደስ አለኝ። የፈቃዴ ወረቀት መስሎኝ "ይሄ እኮ የኔ ጣት ነው!" ብዬ ለሰዉ አሳየሁ።

አንዱ "ጉድ ነው እናንተ፣ ሌባው ራሱ መጥቶ አረጋገጠልን!" አለ። ያ ሳቅ ዛሬም ይሰማኛል። የበሩ ጥበቃ ደረቴን ይዞ ገፋኝ።

"ሲሚንቶ ሰርቄ ሸጫለሁ ብለህ ፈርመሃል። ደግሞ ምን ልትወስድ መጣህ?"

ወረቀቱን ገንጥዬ ሮጥኩ። ለአገሬ ልጅ አሳየሁ። ለኢንጂነሩ አሳየሁ። ለፖሊስ አሳየሁ። ወረዳው በር ላይ ማመልከቻ የሚጽፈው ሰውዬ "ፈርመሃላ፣ ወንድሜ" ብሎ መለሰልኝ። ወረቀቱን ሲቀበሉኝ ያዩኝ ዓይንና አንብበው ቀና ሲሉ ያዩኝ ዓይን አንድ አልነበረም። ሌላ ሳይት ሄጄ ሥራ ስጠይቅ ወሬው ቀድሞኝ ደርሷል።

ቤት ስገባ አክስቴ ጎመን ትከትፋለች።

"ለስንት ሰው አስነበብከው?" አለችኝ።

"ያላስነበብኩት የለም።"

"ለጌታስ?"

"አክስቴ፣ አሁን የቀልድ ሰዓት አይደለም።"

"እኔስ መች ቀለድኩ?" እጇን ታጥባ ቀሚሷ ላይ አደረቀች። ወረቀቱን ከእጄ ወስዳ ሰማያዊው የፕላስቲክ ምንጣፍ ላይ ዘረጋችው። ጫፉ እንዳይጠቀለል የበርበሬ ብርጭቆዋን አስቀመጠችበት። ተንበረከከች። "ጌታ ሆይ፣ ይሄ ልጅ ማንበብ አይችልም። አንተ ትችላለህ። እስቲ አንብበው" አለች። በቃ። አሜን እንኳ አላለችም።

ጮህኩባት። "እሱማ ሲጻፍም አይቶታል! ሰውዬው ጣቴን ሲይዘኝ የት ነበር?"

"ለኔ ምን ትነግረኛለህ? እዚያው ንገረው" ብላ ወደ ወረቀቱ ጠቆመችኝ። "እየተቆጣህም ቢሆን መጀመሪያ ለሱ። ከዚያ የፈለግከው ሰው ጋ ሂድ።"

ነገርኩት። ተንበርክኬ አይደለም፣ ቆሜ ነው። ከላያችን ፎቅ ያሉት ወለላቸውን እስኪደበድቡ ድረስ ጮህኩ። ስጨርስ ጉሮሮዬ ነዷል፤ ወረቀቱ ግን እዚያው ነው፣ አንድ ፊደል አልተቀየረም። አክስቴ ወደ ጎመኗ ተመልሳለች።

"ነገም አለ" አለችኝ።

በየጠዋቱ ሆነ። ከቤት ሳልወጣ፣ ማንንም ሰው ሳልለምን፣ ወረቀቱን ዘርግቼ ንዴቴን እናገራለሁ። ዛሬ በየመድረኩ "እግዚአብሔርን አስቀድሙ" ሲባል እሰማለሁ። ከረባት አስሮ፣ ጠግቦ ሲሉት ቀላል ነው። እኔ የተማርኩት ጥርሴን ነክሼ ነው። ፎርማኑን ይቅር ብለሃል ወይ የሚለኝም አለ። አላልኩም። አለማለቴንም መጀመሪያ የምነግረው ለጌታ ነው።

አንድ ጠዋት "የኔ ስም የቱ ነው?" አልኳት። እሷም ደህና አንባቢ አልነበረችም፤ መጽሐፍ ቅዱሷን በጣቷ እየተከተለች፣ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ነው የምታነበው። ስሜን አሳየችኝ።

"ቀጥሎ ያለውስ?"

ጣቷን ከወረቀቱ አነሳች።

"ንገሪኝ እንጂ!"

"ሌባ ነው የሚለው፣ የኔ ልጅ።" ዓይኗን በነጠላዋ ጠረገች።

ፊደል የጀመርኩት በዚያ ወረቀት ነው። ሌላው በልጅነቱ እያዜመ ይማራል፤ እኔ በስድቤ ተማርኩ። የቀረውን የጎልማሶች ትምህርት ገብቼ ጨረስኩ።

አንድ ዓመት ተኩል ሄደ። አክስቴን ስኳር እግሯን ያዛት። መንበርከክ ሲያቅታት አልጋዋ ላይ ሆና "ዘረጋኸው?" ትለኛለች። ክረምቱ ሳይወጣ ሞተች። ወረቀቱ እንዳለ ነው።

ከዚያ ፎርማኑ ጥበቃውን አባረረው። ያ ደረቴን የገፋኝ ጥበቃ ተናዶ ዋናው ቢሮ ሄደና የሚያውቀውን ሁሉ ዘረገፈ፤ "ሲሚንቶውን ጭኖ ያስወጣው ፎርማኑ ራሱ ነው፣ በሩን የከፈትኩለትም እኔ ነኝ" ብሎ። ለኔ አዝኖ አይደለም። እውነቱ ትዝ ያለው የራሱ እንጀራ ሲቋረጥ ነው። ፎርማኑን አነሱት። ይቅርታ የጠየቀኝ ሰው የለም። በዚያው በር ላይ ሌላ ወረቀት ለጠፉ። የአገሬ ልጅ ደውሎ "ናና ስምህን እይ" አለኝ።

ሄድኩ። ሠራተኛው ከበበኝ። አንዱ "ላንብብልህ?" ሲለኝ "ዞር በልልኝ" አልኩት። በጣቴ እየተከተልኩ፣ ጮክ ብዬ፣ እየተደናቀፍኩ አነበብኩት። ስርቆቱ እኔን እንደማይመለከት ይላል። አራት መስመር ነው። ለዚያ ሁሉ፣ አራት መስመር። አንዱ ሊያቅፈኝ መጣ። ሌላው "በል እንግዲህ ጋብዘን!" አለ። ያኔ የሳቁብኝ ናቸው። የምሰድባቸውን ስድብ መንገዱን ሙሉ ሳዘጋጅ ነው የመጣሁት፤ ምላሴ ላይ ደርሷል። ዋጥኩት። ወረቀቱን ቀስ ብዬ ላጥኩና ወደ አያት ሄድኩ።

ቤቷን ገና አላስረከብንም ነበር። የታጠፈ ልብስና የቅባቷ ሽታ አለ። ሰማያዊው ምንጣፍ ላይ ጉልበቷ ያረፈባቸው ሁለት ቦታዎች ቀለማቸው ለቆ ነጥቷል። አዲሱን ወረቀት ዘረጋሁት፤ ጫፉን በበርበሬ ብርጭቆዋ ያዝኩት። ጉልበቴን እነዚያ ነጫጭ ቦታዎች ላይ አሳረፍኩ። ለኔ ጠባብ ናቸው።

"አንተ ሳታነበው አልቀረህም" አልኩት። "ለሷ አንብብላት።"

ሌባ መባሌ ያበቃው መስከረም በገባ በሦስተኛው ማክሰኞ፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ ነው።